በ«ቀ» የሚጀምሩ ምግቦች ለህጻናት ክፍል (ሁዳዴ ላይ ነን፣ እርዱኝ)

መምህርት ዘበሬሳ፦

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ደብረ ብርሃን አጸደ ህጻናት ነው የማስተምረው፣ ልጆቼ ከ4 እስከ 6 ዓመት ናቸው። ፊደል ሰሌዳ ላይ ጽፎ ማስጮሁ ብቻ ስላላረካኝ በየሳምንቱ አንድ ፊደል እንይዝና በዛ ፊደል የሚጀምሩ ምግቦች ጠረጴዛ ላይ ደርድረን እያዩ እያሸተቱ እየቀመሱ ይማራሉ፣ ቤታቸው ሲገቡም ጓዳ ዘው ብለው «እማዬ ይሄ እኮ የሸ ነው» እያሉ ወላጆቻቸውን ጉድ አሰኝተዋል። ያለፈው ሳምንት «ሸ» ነበር፣ ሽሮ አለ ሽምብራ አለ ሽንኩርት ሸንኮራ ሻይ፣ ምንም አልተቸገርኩም። አሁን «ቀ» ላይ ደርሰናል።

ችግሬ ምን መሰላችሁ፣ «ቀ» ሲባል መጀመሪያ አፍ ላይ የሚመጣው ቀይ ወጥ፣ ቅቤ፣ ቋንጣ፣ ቅቅል፣ ቁርጥ፣ ቅልጥም ነው፣ ሁሉም የፍስክ! ልጆቹ ለጾም ባይደርሱም በሁዳዴ ትምህርት ቤት ውስጥ ስጋና ቅቤ ቀረበላቸው ሲባል ቅር የሚላቸው ወላጆች ብዙ ናቸው፣ ደግሞ ሙስሊም ልጆችም አሉኝ፣ ስጋ ሲመጣ ማን የትኛውን ይበላል እያልኩ አንዱን ልጅ ከጠረጴዛው ማራቅ በጭራሽ አልፈልግም። ሁሉም አብሮ የሚቀምሰው ይሁንልኝ።

ሌላው፣ ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ለሰባቱም አንድ አንድ ምግብ ይኑራቸው ብዬ ተነስቻለሁ። እስካሁን ለቀ ቀይ ስር፣ ለቂ ቂጣ፣ ለቃ ቃሪያ፣ ለቅ ቅንጬ፣ ለቆ ቆሎ ይዣለሁ። ቁ ላይ አንድ ሁለት ሀሳብ አለኝ ግን ልቤ አላረፈም፣ ቄ ደግሞ ጭራሽ ጠፋኝ። ቋንስ ትቆጥሩታላችሁ? በተቻለ መጠን የሸዋ የኛው አካባቢ ምግብ ቢሆን ደስ ይለኛል፣ ልጁ ጠዋት ክፍል ያየውን ማታ ቤቱ እንዲያገኘው ነው ሀሳቤ።

ገራ ምድር፦

እህቴ እግዜር ይስጥሽ ግሩም ስራ ነው። እኔ መሃል ሜዳ ነው ያደግኩት አሁንም ቤተሰብ እዛው ነው፣ እና «ቀ»ን ለኛ ለመንዞች ማን ያስተምረናል፣ ገብስ ባለበት ሀገር ቀ ሞልቶ ነው ያለው። አንድ ነገር ግን ልለምንሽ፣ ቆሎውንና ቅንጬውን ከሱቅ በላስቲክ የታሸገ ገዝተሽ አታቅርቢ፣ ከአንድ ገብስ እንዴት ሁለቱም እንደሚወጡ ልጆቹ ይዩት።

ለቆሎ የሚሻለው ሰነፍ ቆሎ የሚባለው ገብስ ነው፣ ቅርፊቱ ቶሎ ስለሚለቅ ብዙ አያለፋም፣ ደብረ ብርሃን ገበያም አታጭውም። ገብሱን ውሃ ነካ ነካ ታረጊዋለሽ፣ እንዳይርስ ብቻ፣ ከዛ ሙቀጫ ውስጥ ከተሽ ትሸከሽኪዋለሽ፣ በሰፌድ ስታነፍሺው ገለባው በፊትሽ ይበራል (ልጆቹ በጣም የሚወዱት እሱን ነው፣ ሜዳ ላይ አድርጉት)። ምጣዱ በደንብ ከጋለ በኋላ ጥቂት ጥቂት እያረግሽ ሳታቋርጪ ማማሰል ነው፣ ገብሱ መንጣጣት ይጀምራል፣ ያኔ ቶሎ ቶሎ ካላማሰልሽው ከስሩ ያርና መራራ ይሆናል፣ አንዷን ፍሬ አንስተሽ ስትሰብሪያት ውስጧ ነጭነቱን ለቆ ወርቃማ ከሆነ ደርሷል አውጪው። ሱፍ ከተገኘ ትንሽ ጣል ማድረግ፣ ሽምብራም ይሆናል።

ቅንጬውም በሙቀጫ ነው የሚጀምረው፣ ከተፈተገ በኋላ ግን ይደርቅና ወፍጮ ቤት ይሸረከታል፣ አፍ ሰፋ አርገህ ፍጭልኝ በዪው ባለወፍጮውን ይገባዋል። የተሸረከተውን በወንፊት ስትነፊው ክኩ ከላይ ይቀራል ዱቄቱ ከታች ይወርዳል፣ ክኩ ቅንጬ ዱቄቱ ቂጣ! ይኸው ከአንድ ቁና ገብስ ቅ፣ ቂ፣ ቆ ሶስቱንም አወጣሽ። ለልጅ ይሄን ከማየት የበለጠ ትምህርት ምን አለ።

ለቀ ደግሞ ቀይ ስሩ ጥሩ ነው ግን የጓሮ አትክልት ነው የትም አለ፣ እኔ ብሆን ቀጋ ነው የማቀርበው። ቀጋን የማያውቅ የደጋ ልጅ የለም፣ አጥር ላይ ነጭ አበባ የሚያብበው እሾሃም ቁጥቋጦ፣ ሳይንሱ ሮዛ አቢሲኒካ ይለዋል የጽጌረዳ ዘመድ ነው፣ ፍሬው ሲበስል ወደ ብርቱካንማ ቀይ ይሄዳል ጣፋጭ ነው ቫይታሚን ሲም አለው። ብቻ ከውስጥ ያለውን ዘርና ጸጉር አውጥታችሁ ስጧቸው፣ ጸጉሩ ጉሮሮ ያሳክካል።

የልጆች ነርስ ደብረ ሲና፦

መምህርት በጣም ደስ የሚል ሀሳብ ነው፣ ግን ቆሎው ላይ እንደ ጤና ባለሙያ ዝም ማለት አልችልም። እኛ ሀገር መኪና በቆመ ቁጥር ቆሎ በመስኮት የሚሸጥበት ሀገር ነው፣ ቆሎ ስወድ ደግሞ ማንም አይደርስብኝም፣ ሆኖም 5 ዓመት ላልሞላው ልጅ ሙሉ ቆሎ፣ ሙሉ ለውዝ፣ የተቆላ ሽምብራ አይመከርም። የዛ እድሜ ልጅ ጠንካራ ነገር በደንብ አድቅቆ አያኝክም፣ የአየር ቧንቧውም ጠባብ ነው፣ ክፍል ውስጥ ደግሞ እየሳቁ እየተሯሯጡ እየተገፋፉ ነው የሚበሉት፣ አንዲት ፍሬ ሽምብራ ወደ ሳንባ ከሄደች ትልቅ ጣጣ ነው። አንቺ ደግሞ የ4 ዓመት ልጆች አሉኝ ብለሻል።

እኔ የምለው ቆሎው ይታይ ይሽተት፣ በተከደነ የፕላስቲክ ጠርሙስ ጨምራችሁ እንደ ጸናጽል ያንኳኩት፣ የሚበላው ግን ለቆ ቆስጣ ይሁን። ቆስጣ በዘይትና በሽንኩርት ለስለስ ብሎ ሲበስል ልጆች ይበሉታል። በነገራችን ላይ ከቀ ቀጥሎ «በ» አይደል፣ የተረፈውን የተቆላ ገብስ አስፈጪውና በሶ ታረጊዋለሽ፣ በሶው በውሃና በትንሽ ማር ለስልሶ ሲበጠበጥ ለትንሹም ለትልቁም ይሆናል።

እና ምግብ የምታቀምሱበት ቀን ይቺን እወቁ፦ ልጅ ታንቆ እያሳለ ከሆነ ያስል ተዉት፣ ጣት አፉ ውስጥ አትክተቱ። ድምጹ ከጠፋና መተንፈስ ካቃተው ጎንበስ አድርጋችሁ በእጅ መዳፍ ትከሻው መሃል 5 ጊዜ መታ፣ ካልወጣ ከኋላ አቅፋችሁ ከእምብርቱ ከፍ ብሎ ወደ ውስጥና ወደ ላይ 5 ጊዜ ጫን፣ እየቀያየራችሁ እስኪወጣ፣ አንድ ሰው ደግሞ ወዲያው ለእርዳታ ይሩጥ። ይሄ ከ1 ዓመት በላይ ላሉ ነው።

ገራ ምድር፦

እህታለም ነርሷ እናከብርሻለን፣ ግን እኛ እኮ በ3 ዓመታችን ቆሎ ከኪሳችን ጠፍቶ አያውቅም፣ የመንዝ ልጅ ከብት ሲያግድ የሚውለው ኪሱ ባለው ቆሎ ነው። ለ«ቆ» ቆስጣ መጣ ሲባል ትንሽ ከበደኝ።

የልጆች ነርስ ደብረ ሲና፦

ወንድሜ ይገባኛል፣ እኔም ያደግኩት በሱ ነው። ግን ቤት ውስጥ እናት አጠገብ ቁጭ ብሎ አንድ አንድ ፍሬ መብላትና ብዙ ህጻን አንድ መምህርት ብቻ በምትጠብቀው ክፍል መብላት አይገናኝም። ያነቀው ልጅ የመጣ ጊዜ እናቱን ማየት ነው እኔን የሚከብደኝ። 6 ዓመት የሆናቸው ቁጭ ብለው ሳይስቁ ትንሽ ይቅመሱ፣ ትንንሾቹ ይቅርባቸው።

ሰላም ነኝ፦

ለቁ ቁልቋል አትዪም? ለመጠጥ ደግሞ ቅራሪ አለ፣ ድሮ ለልጅ ይሰጥ ነበር

ሸዋሮቢት ቆላው፦

ኧረ ቁልቋል በጭራሽ! እኛ ጋ ቁልቋል የሚባለው አጥር የሚሆነው ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያወጣው ዛፍ ነው፣ ያ ወተት ቆዳ ያቃጥላል አይን ከገባ ደግሞ አይን እስከማጥፋት ይደርሳል። የሚበላውን ፍሬ እኛ በለስ ነው የምንለው፣ እሱ ሌላ ተክል ነው፣ «በ» ሲደርስ አቅርቡት። መምህርት እባክሽ ልጆቹ ቁልቋል ይበላል ብለው ቤታቸው እንዳይሄዱ።

ለቁ እኔ መልስ አለኝ፣ ቁርቁራ። ሸዋ ሮቢትና አጣዬ አካባቢ በየማሳው ዳር አለ፣ እሾህ አለው፣ ፍሬው ትንሽ ክብ ሆኖ ሲበስል ቢጫ ከዛ ወደ ቡናማ ይሄዳል፣ ሲደርቅ ዱቄት ዱቄት ይላል ደስ የሚል ጣፋጭ ነው፣ የቆላ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ከስሩ ሳይለቅም አያልፍም። እናንተ 2,800 ሜትር ላይ ውርጭ ውስጥ ስለሆናችሁ አይበቅልላችሁም፣ እኛ 1,300 ገደማ ላይ ነን። ልጆቹ ከጣርማበር ዋሻ ወዲያ ማዶ ምን እንደሚበላ ቢያውቁ መልካም ነው፣ ሁላችንም ሸዋ እኮ ነን። ከፈለግሽ በሚኒባስ እልክልሻለሁ፣ በውስጥ ጻፊልኝ።

እና ቂጣ ስታቀርቢ የገብስ ብቻ አታርጊው፣ የማሽላ ቂጣም ጨምሪበት፣ ቀለሙም ጣዕሙም ይለያል፣ ሁለቱን ጎን ለጎን አድርገሽ ይሄ የደጋ ይሄ የቆላ ብትያቸው አይረሱትም። የማሽላ ዱቄት ከቁርቁራው ጋር እጨምርልሻለሁ።

የልጆች ነርስ ደብረ ሲና፦

ቁርቁራው ጥሩ ነው፣ ግን ውስጡ ጠንካራ ዘር ስላለው ስጋውን ብቻ በቢላ ልጣችሁ ስጡ። ቅራሪውን ግን ተዉት። ቀጭን ቢሆንም ከጠላ አተላ ነው የሚወጣው አልኮል አለው፣ ለህጻን አይሰጥም።

መምህርት ዘበሬሳ፦

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ፣ እንዲህ ያለ መልስ አልጠበኩም። ነርሷ ያልሽውን የመታነቅ እርዳታ ለባልደረቦቼ አንብቤላቸው ከሰኞ በፊት እንለማመደዋለን ተባብለናል፣ የቆሎውንም እንዳልሽው፣ ትልልቆቹ ቁጭ ብለው ትንንሾቹ ደግሞ ጠርሙሱን እያንኳኩ ቆስጣ ይበላሉ። ሙቀጫና ሰፌድ ከጎረቤት አገኘሁ። ቀጋ አንዲት የልጅ እናት ከጠባሴ በላይ ካለው አጥራቸው ለቅመን እናመጣለን ብለዋል። ቁርቁራውን በውስጥ ጽፌልሃለሁ ወንድሜ።

ቄ ግን አሁንም ባዶ ናት! የጉራጌ ቤተሰብ ያላት ልጅ እናት ደግሞ ለቆ ቆጮ ላምጣ ብላኛለች፣ ከእንሰት የሚሰራ መሆኑን ፎቶ እያሳየች ትነግራቸዋለች፣ ሀገሩ እዚህ ባይሆንም የክፍላችን ልጅ የቤቷ ምግብ ስለሆነ ደስ ብሎኝ ተቀብያለሁ።

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር፦

ልጄ፣ ለቄ የሚበላ ፍለጋ አትድከሚ። ቄ ብዙ የምግብ ስም የላትም፣ ያለችው ቄብ ዶሮ ናት፣ እሷም ለፋሲካ ትቆይ። ሆኖም ቤታችን ማዕድ ሲቀርብ ቡና ሲፈላ ከስር የሚነጠፈው ምንድነው? ቄጤማ አይደለም እንዴ። ከበሬሳ ወንዝ ዳር ወይም ከገበያ አስመጪና ወለሉ ላይ ጎዝጉዢው፣ ጠረጴዛውን ከላዩ አቁሚ፣ ልጆቹ ጫማቸውን አውልቀው ይግቡበት፣ ሽታው ራሱ ያስተምራቸዋል። ስድስቱ ይበላሉ፣ አንዷ ትነጠፋለች።

ቋን በተመለከተ፣ እኛ ስንማር ቈ ቊ ቋ ቌ ቍ ዲቃላ ተብለው ለብቻቸው ነበር የሚቆጠሩት፣ ከሰባቱ ጋር አይደባለቁም። ህጻናት መጀመሪያ ሰባቱን ያጽኑ። ከፋሲካ በኋላ ቋንጣ ፍርፍር ይዘሽ ቋን ለብቻዋ ብታመጪ ክብሯም ይጠበቃል።

ደግሞ ቆሎ ስትይ የቆሎ ተማሪን አንሺላቸው። ያ ሁሉ የአብነት ተማሪ ከቤተሰቡ ርቆ ዳዊቱን ከነአኮፋዳው ተሸክሞ በየደጁ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ያገኘውን እየበላ ነው ፊደሉን ዜማውን ቅኔውን የተማረው፣ እኔም አንዱ ነበርኩ። ፊደልና ቆሎ አብረው የኖሩ ናቸው፣ ህጻናቱ ይህን ሰምተው ቢያድጉ ደስ ይለኛል።

የምንጃሯ፦

ጋሼ የቄጤማው ሀሳብ ልብ ይነካል ግን እኔ ትንሽ አልስማማም፣ መምህርቷ የጠየቀችው ምግብ ነው፣ ልጆቹ ግራ ይጋባሉ ቄጤማ ይበላል ብለው አንዱ ሊያኝከው ይችላል እኮ። ቄን ባዶ ሰሀን አድርጎ ፊደሏን ብቻ ወረቀት ላይ ጽፎ ማስቀመጥ ይሻላል።

ለቁ ደግሞ ቁርቁራው ቢቀር እንኳን ቁሌት አለ። ቀይ ሽንኩርቱ በዘይት ከስሎ በርበሬው ገብቶ እየተንተከተከ ሲመጣ ያንን ሽታ የማያውቅ ልጅ የለም፣ ሲሸተው ነው እናቱ ወጥ ልትሰራ መሆኑን የሚያውቀው። በርበሬው ለሚያቃጥላቸው በአልጫ ቁሌት በእርድ ማድረግ ይቻላል፣ እንጀራ ነከር አርገው ይቅመሱት። እንጀራውን ከኛ ጤፍ አድርጊው እንግዲህ!

ጡረተኛው የአማርኛ መምህር፦

የምንጃር ልጅ ሀሳብሽን አከብራለሁ። ባዶ ሰሀን ግን ልጅን ያሳዝናል፣ ሁሉም ፊደል ሞልቶ አንዷ ብቻ ምንም የላትም ይላሉ። «ይህቺ አትበላም፣ ትነጠፋለች» ብላ መምህርታቸው አንዴ ከነገረቻቸው ይገባቸዋል፣ የዚህ ሀገር ህጻን ቄጤማ ቤቱ ያውቃል።

መምህርት ዘበሬሳ፦

ጋሼ የእርስዎን ወስጃለሁ፣ ቄጤማ ይነጠፋል፣ የምንጃሯ እህቴ ያልሽውን ደግሞ ጥንቃቄ አደርጋለሁ ልጆቹ ሲገቡ መጀመሪያ እነግራቸዋለሁ። ቁሌቱንም እንጨምረዋለን፣ ስቶቭ ክፍል ውስጥ አላስገባም፣ ቤት ሰርቼ በክዳን ድስት አመጣለሁ፣ ክዳኑ ሲከፈት ማን በሽታው እንደሚያውቀው እንጠይቃቸዋለን። ቁርቁራው ቀድሞ ከደረሰ ለቁ ሁለት ይኖረናል ማለት ነው።

ቃሪያውን ግን ለማሳየት ብቻ ነው ያሰብኩት፣ የሚበላ የቃ ምግብ አላችሁ?

የምንጃሯ፦

ቃተኛ። ትኩስ እንጀራ ላይ በቅቤ ፋንታ ዘይት ትቀቢያለሽ፣ በርበሬ እንደ ምልክት ብቻ ጣል፣ ጨው፣ አጥፈሽ ቆራርጠሽ ትሰጫለሽ። በጾም በዘይት የሚሰሩት አሉ። ቃሪያውን ከጎኑ አስቀምጪው፣ የነካው ልጅ እጁን ወደ አይኑ እንዳይወስድ ብቻ።

መምህርት ዘበሬሳ፦

ቃተኛ እንዴት ሳላስበው! በቃ ሞላልኝ። አንድ የመጨረሻ ጥያቄ ለገራ ምድር፣ የገብስ ቅንጬ በቅቤ እንጂ በዘይት ሰርቼው አላውቅም፣ ጠዋት 2፡30 ላይ ነው የሚበሉት፣ እንዳይደርቅብኝ ምን ላድርግ?

ገራ ምድር፦

ክኩን ማታውኑ አጥበሽ ውሃ ውስጥ ዘፍዝፊው፣ ቶሎ ይበስልልሻል። ጠዋት ለአንድ ስኒ ክክ ሶስት ስኒ ውሃ፣ ውሃው ከፈላ በኋላ ክኩን ጨምሪና እሳቱን ቀንሺ፣ እንዳይጓጉል አልፎ አልፎ አማስዪው፣ ጨው ወደ መጨረሻው። ዘይቱን ለብቻው በነጭ ሽንኩርትና በጥቁር አዝሙድ ሞቅ አድርጊና ከወጣ በኋላ አፍሺበት፣ አብረሽ አትቀቅዪው። መድረቁን የምትፈሪ ከሆነ ሙሉ በሙሉ ሳይመጥ ትንሽ ቀጠን እንዳለ አውጥተሽ ፔርሙዝ ምግብ መያዣ ውስጥ ከድነሽ ውሰጂው፣ ትምህርት ቤት እስክትደርሺ ራሱ ይጠግባል። ከደረቀ ደግሞ ትኩስ ውሃ ጠብ አድርጊበት እንጂ ዘይት አትጨምሪ፣ ለልጆቹ ይከብዳቸዋል።